ከእማዬ ጋር ወደ መንዝ፦ የአምስት ቀን ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን

እኛ ቤት ሽርሽር ሲባል ቢሾፍቱ ወይም ሀዋሳ ነው። ልጆቹ ይዋኛሉ፣ እኛ ቡና እንጠጣለን፣ እሑድ ማታ እንመለሳለን። ዘንድሮ ግን ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሌላ ነገር አሰብን። እናቴ የተወለደችው መንዝ ጌራ ምድር ነው። በ11 ዓመቷ ወደ አዲስ አበባ መጣች፣ አሁን 70 ሞልቷታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ተመልሳ አላየችውም። ልጆቼም ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዙ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ከእሷ አፍ ሲሰሙ ነው ያደጉት። ታዲያ ለምን አንሄድም አልን።

ትናንት ማታ ታናሽ እህቷ ስልክ ደውላ ነበር። ድምፅዋ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። «ምን ልታዪ ነው በዚህ ብርድ? ጓሳው እኮ ይሄኔ ታርሶ አልቋል» ትላለች። እማዬ ምንም አልመለሰችም። ስልኩን ዘጋችና ባናዋን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ባና ማለት ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ይሄኛው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከወንድሜ በተዋስነው የድሮ ላንድክሩዘር ወጣን። አምስት ነን፦ እማዬ፣ ባለቤቴ፣ የ12 ዓመቷ ትልቋ፣ የ7 ዓመቱ ትንሹና እኔ። ለገዳዲን ካለፍን በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ። ሸኖ ላይ ለቅቤ ቆምን። የሸኖን ቅቤ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እማዬ ግን አሽትታ፣ በጣቷ ቆንጥራ፣ «ስንመለስ እንወስዳለን፣ አሁን መንገድ ላይ ይቀልጣል» ብላ ሻጯን ቀጠረቻት። ሰኞ እንደምንመለስ ቀኑን ሁሉ ነገረቻት።

ጫጫን አልፈን ወደ ደብረ ብርሃን ስንቃረብ ለልጆቹ አንጎለላ በዚህ አካባቢ እንደሆነ ነገርኳቸው። ምኒልክ የተወለዱት እዚያ ነው፣ በ1836 ዓ.ም.። ትንሹ «ሕፃን ሆነው ብርድ አይበርዳቸውም ነበር?» አለ። እውነትም የሚያስጠይቅ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዘን አየሩ ሌላ አገር ሆነብን።

ከሰዓት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ተሳለምን። ከተማዋን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን። ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ስለታየ ነው ስሟም ደብረ ብርሃን የተባለው። እርጎ በዳቦ በላን። ሌሊቱን እዚሁ አደርን። በቀጥታ ወደ ጓሳ ብንሄድ ልጆቹን ከፍታው ይጎዳቸዋል ብለን ነው። በኋላ እንደታየው አንድ ሌሊትም አልበቃም።

ዓርብ፣ ጥር 24። ጣርማ በርና ጓሳ

ጠዋት የመኪናው መስታወት ውርጭ ለብሶ አገኘሁት። ትልቋ በጣቷ ስሟን ጻፈችበት። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ከሆቴሉ በር ላይ ትኩስ ሻይ ጠጣን።

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ያለው መንገድ ሜዳ ይመስላል። ገብስ የታጨደበት ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ባሕር ዛፍ። ይኖራል ብለህ የምትጠብቀው ተራራ የለም። ድንገት ግን ምድሩ ያልቃል። በስተቀኝ ገደሉ ይከፈትና እስከ ቆላው ድረስ ወለል ይላል። ባለቤቴ «አቁም፣ አቁም» አለችኝ። ወርደን ዝም ብለን ቆምን።

በር የሚለው ቃል እዚህ አገር ትርጉም አለው። ከደጋ ወደ ቆላ መውረጃ፣ ከቆላ ወደ ደጋ መውጫ ነው። ጣርማ በርም ይሄው ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ ሲሠራ ተራራውን በዋሻ በስቶ አልፎታል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የመንዝ መታጠፊያ ከዋሻው በፊት ስለሆነ መግባት አያስፈልገንም ነበር። ልጆቹ ግን ለመኑን። ገባን፣ መብራት አብርተን፣ ትንሹ ጆሮውን ይዞ። በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ሌላ ዓለም ነው፤ ሙቀት፣ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከታች ደብረ ሲና። እዚያ ወርደን ቆሎ ገዛን። ቆሎ ሻጮቹ ልጃገረዶች መኪናውን ከበው እየተሳሳቁ ሲሽቀዳደሙ እማዬ ከአራቱም ገዛች። «አንዷን ገዝቼ ሌላዋን ምን ልበላት?» አለች። ለአምስት ቀን የሚበቃ ቆሎ ይዘን ተመለስን።

ከመታጠፊያው በኋላ መዘዞን አለፍን። ከዚያ እየወጣን፣ እየወጣን ሄድን። እማዬ ከመስኮቱ ዓይኗን አላነሳችም። የመንደሮቹን ስም ከእኛ በፊት ትጠራለች፣ ቀጥሎም ራሷ «አይ፣ ይሄ አይደለም» ትላለች። ስልሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ባለቤቴ «አይጨነቁ እማማ፣ ይደርሳሉ» አለቻት።

ጓሳ ስንደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ማደሪያው የማኅበረሰቡ ነው። ክፍሎቹ ንጹሕና ቀላል ናቸው፣ መሐል ላይ የእሳት ማንደጃ አለ። ምግባችንን ይዘን ነው የሄድነው፤ ለሚሄድ ሰው ይሄን አጥብቄ እመክራለሁ። ሱቅ ይኖራል ብሎ መሄድ አይሆንም።

እኔ እንደደረስን ጉብታው ላይ ለመውጣት ቸኩዬ ነበር። ጥፋቴ ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ አንዳንዱ ጫፍ 3,700 ይጠጋል። ትንሹ መቶ ሜትር ሳንሄድ ራሴን አመመኝ አለ። ከዚያ አስታወከ። ፊቱ ነጭ ሆነ። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ተሸክሜው ተመለስኩ። አስጎብኚው ልምድ ያለው ወጣት ነው። «ይረፍ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ዛሬ አታንቀሳቅሱት። ካልተሻለው ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች እናወርደዋለን» አለን። እማዬ ባናዋን አልብሳው ከእሳቱ አጠገብ እቅፍ አድርጋው ተቀመጠች። በስሱ ሻይ በስኳር አጠጣችው። 1 ሰዓት ላይ ዓይኑን ገልጦ «ቆሎ አለ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ልጅ ይዛችሁ ከፍታ ቦታ ስትሄዱ የመጀመሪያው ቀን የእረፍት ቀን ይሁን። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ዓርብ ስለሆነ ሽሮ በልተን ተኛን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጃኬት፣ በላዩ ብርድ ልብስ። እማዬ ብቻ ነጠላዋን ተከናንባ እንደ ቤቷ ተኛች።

ቅዳሜ፣ ጥር 25። ጓሳ

ይህን ቀን ለመጻፍ ብዙ ገጽ ያስፈልገኛል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ክፍሏ ውስጥ የለችም። ወጥቼ ፈለግኋት። ከማደሪያው ጀርባ ቆማለች። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ ብርሃኑ ሲነካው ጫፍ ጫፉ ያበራል። ዓይን እስኪደክም ድረስ ሣር ነው። በጉቶ በጉቶ የሚበቅል፣ ጉልበት የሚያልፍ፣ ቀጭን ሣር። በመሐሉ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። እማዬ አላየችኝም። እጇን ዘርግታ የሣሩን አናት እንደ ልጅ ፀጉር ትዳብሳለች። ሳልጠራት ተመለስኩ።

ትንሹ ተሽሎት ነቃ። ዳቦና ሻይ ቀምሰን በቀስታ ወጣን። ለእማዬ በቅሎ ተከራይተናል። ለዕድሜ ባለጠጋ ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ ለደከመ ልጅም ይሆናል።

ጭላዳዎቹን ያገኘናቸው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሌሊት ገደል ላይ ነው የሚያድሩት፣ ከጅብና ከነብር ለመሸሽ። ፀሐይ ሲወጣ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። መጀመሪያ አንድ ራስ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር አቆምን። ልጆቹ የሚያውቁት ዝንጀሮ ሙዝ የሚነጥቅ ነው። ጭላዳ ግን ሣር በሊታ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ ይበላል፣ በመቀመጫው ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ እንደገና ይነጫል። ወንዱ ጎፈሩ እንደ አንበሳ ነው። ሁሉም ደረታቸው ላይ ቀይ ቆዳ አላቸው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኙም። ከእኛ እስከ 10 ሜትር ቀርበው ይግጣሉ፣ እኛን ከምንም አልቆጠሩንም። ድምፃቸው ደግሞ! እርስ በርሳቸው ሲያወሩ የሰፈር ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው የሚንሾካሾኩ ይመስላል። ትልቋ ስልኳን አውጥታ ቀዳች፣ ትንሽ ቆይታ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ አየች። ያቺ ልጅ ግማሽ ሰዓት ያለ ስልክ ስትቀመጥ ሳይ በልቤ ተመስገን አልኩ።

አስጎብኚው ድንገት እጁን አነሳ። «እዚያ፣ ከመንጋው መሐል» አለ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከዚያ አንድ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀይ ቀበሮ! ጉሮሮዋ ነጭ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር፣ እግሯ ረጅም። ጭላዳዎቹ መሐል እየተራመደች ነው፣ ማንም ግን አልሸሸም። ሕፃን ጭላዳ እንኳ አጠገቧ አለ፣ ቀና ብላ አላየችውም። የምትፈልገው አይጥ ነው። ጆሮዋን አቅንታ ቆመች፣ ዘለለች፣ በአፏ ይዛ ቀና አለች።

ነገሩ ተጠንቷል። እዚሁ ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እንዳገኙት ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሐል ሆና ስታድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካላታል። ብቻዋን ስትሆን ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። አይጦቹ በጭላዳዎቹ ግርግር ይዘናጋሉ፣ ወይም ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ ተብሎ ይታሰባል። እሷም ውለታውን አታጠፋም፣ ልጆቻቸውን አትነካም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ለትንሹ ይህን ስነግረው «እኛ ትምህርት ቤት ካለው ልጅ ያንሳሉ ማለት ነው?» አለኝ። አዎ፣ ያንሳሉ።

ምሳ በላንበት ሸንተረር ላይ አንድ አዛውንት አገኘን። ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። እማዬ ከበቅሎ ወርዳ እጅ ነሳች። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ነገረቻቸው። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ቤታችሁ ከወንዙ ማዶ የነበረው?» አሏት። እማዬ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

አብረውን ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ ብዙ አጫወቱን። ጓሳ የተጠበቀው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነው። የመንዝ አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ለይተው ያስከበሩት መሬት ነው፣ ጌራ ምድር የሚለው ስምም ከዚያ ነው። ልጅ ልጆቻቸው ጠባቂ አለቃ ይመርጡና ሜዳውን ይዘጋሉ። አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት። በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ደፍሮ የገባ ቅጣቱ ከባድ ነው። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም እኩል ያጭዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የድሮው አስተዳደር ፈረሰ፣ ዳር ዳሩም ተነካካ። በኋላ ግን አርሶ አደሩ ራሱ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው። አክስቴ «ታርሶ አልቋል» ያለችው ከምንም ተነስታ አይደለም። ወሬው በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ደርሶ ነበር።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። አጥር የለም፣ ግንብ የለም። ጠባቂዎቹ ሣሩን አጥብቀው የሚፈልጉት ሰዎች ናቸው፤ የሚያፈስ ጣሪያ እያለው አምስት ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ። ቀበሮዋም፣ ጭላዳውም፣ ውኃውም በዚያ ትዕግሥት ነው የተረፉት። ውኃ ስል፣ ከቆምንበት ሸንተረር የዘነበ ዝናብ በአንዱ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ በሌላው በኩል በጀማ አድርጎ አባይ ይገባል። ትልቋ ሁለት እግሯን ዘርግታ ቆመችና «አንዱ እግሬ አባይ፣ አንዱ አዋሽ» አለች።

ወደ ማደሪያው ስንመለስ ትንሹ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ሣር ነጨ። ለእማማ ማስታወሻ እንዲሆናት ነው። ሮጦ ሰጣት። ፊቷ ተለወጠ። «ማን ፈቀደልህ?» አለችው። አልጮኸችም። «ልጄ፣ ይሄ ሣር በቀኑ ነው የሚታጨድ። አባቴ ቢኖር እኔን ነው የሚቆጣኝ፣ የልጅ ልጅሽን አላስተማርሽም ብሎ።» አስጎብኚው «ግድ የለም እማማ፣ ትንሽ ናት» አለ። «ትንሽ ትንሽ ብሎ አይደለም እንዴ የሚያልቀው?» አለችው። ልጁ አቀርቅሮ ቀረ። እሷ ግን ሣሩን በእጁ እንደያዘ ወሰደችውና ገመድ እንዴት እንደሚገመድ አሳየችው። ስልሳ ዓመት ያልነካችውን ሥራ ጣቶቿ አልረሱትም። በሁለት መዳፏ ስታሸው ሣሩ እየተጠማዘዘ ወጣ። የስንዝር ርዝመት ያላት ገመድ ሆነች። «ከተነጨ አይቀር ሥራ ይሥራ» ብላ ለጌጥ የበቅሎዋ ልጓም ላይ አሰረቻት፣ እዚያው ቀረች።

ማታ በግ ታርዶ፣ እሳት ተንድዶ፣ ከአስጎብኚውና ከማደሪያው ሠራተኞች ጋር በላን። ሰማዩን ለማየት ልጆቹን አውጥቻቸው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ልጅ ይህን ያህል ኮከብ መኖሩን አያውቅም። ብርዱ አምስት ደቂቃ እንኳ አላስቆመንም።

እሑድ፣ ጥር 26። አንኮበር

ጠዋት ከጓሳ ወጣን። መዘዞ ሳንደርስ ጎማ ተነፈሰብን። መለዋወጫ ጎማው አለ፣ ክሪኩ ግን አይሠራም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ቆሙ። ድንጋይ ደርድረው፣ እንጨት አስገብተው፣ ተረባርበው መኪናውን አነሱልን። ገንዘብ ስሰጣቸው ተቆጡኝ። ከመነሳታችሁ በፊት ክሪካችሁን ሞክሩ።

በደብረ ብርሃን በኩል ዞረን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አንኮበር ሄድን። ደክሞን ስለነበር ብዙ አልተዘዋወርንም። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ያለው ሎጅ በእግር ነው የሚወጣው። እማዬ በየመዞሪያው እያረፈች ወጣች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም እዚህ ነግሠዋል፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ እስኪወጡ ድረስ። ከድሮው ቤተ መንግሥት የግንብ ፍራሽ ነው የቀረው። እይታው ግን እንዳለ ነው። ከእግራችን ሥር እርከን እርከን የተሠራ ማሳ፣ ከዚያ ታች አሊዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ በጭጋግ ተሸፍኖ። የሲራራ ነጋዴው ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በዚያ በረሃ አቋርጦ፣ አሊዩ አምባ ላይ አራግፎ፣ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ ነበር። ስሙም በር ነው፣ አንኮ በር። አንኮ የምትባል ንግሥት ነበረች ይላሉ።

ማታ ትልቋ «ክረምት ላይ እንደገና እንመጣለን?» አለች። በክረምት መንገዱ ጭቃና ጉም ነው አልኳት። «እሺ በሚቀጥለው ጥር» አለች።

ሰኞ፣ ጥር 27። ወደ ቤት

ቁርስ በልተን ተነሳን። ሸኖ ላይ ቅቤ ሻጯ እየጠበቀችን ነበር። ለእማዬ ሦስት ኪሎ ለይታ በኮባ ጠቅልላ አስቀምጣላታለች። እማዬ እንደገና አሽትታ፣ እንደገና ቆንጥራ፣ በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች።

ለገዳዲ ሳንደርስ ስልኳ ጠራ። እህቷ ናት። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ አወራች።

«አለሁ፣ ደኅና ነኝ። ... እህ። ... አለ እንጂ! ... ኧረ ጉልበቴን ያልፋል። ... ምን ይታረሳል? በእጄ ዳሰስኩት እያልኩሽ!»